ሴት በበዛበት ከተማ

አክስቴ የሰው ዓይን አታይም ነበር። ከማንም ጋር ስታወራ የምታየው ከንፈር ነው። ልጅ ሳለሁ አፌ ላይ ምግብ የቀረ እየመሰለኝ በእጄ ጀርባ እጠርግ ነበር።

የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከኮረዳነቷ ጀምሮ የሠራችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ነው። እዚያ ማሽኖቹ ሲነሱ፣ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ እየተላጋ የሚያወጣው ድምፅ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚሰማው። መጮህ ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን ሰፋ አድርገው እያንቀሳቀሱ ያወራሉ። ሐሜቱም፣ ቀልዱም፣ የሐዘን ወሬውም በዚያ መንገድ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። የክፍሉ አለቃ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያልፍ ስለ እሱ የሚባለውን ቢያውቅ ኖሮ፣ በማግስቱ ሥራውን ይለቅ ነበር።

በዚያ ላይ ማሽኑ ጆሮ ይበላል። አክስቴ አርባ ዓመት ሳይሞላት ጆሮዋ ግማሽ በግማሽ ሄዷል። ግን ደንቆሮ ናት የሚላት አልነበረም፤ ፊት ለፊት ካገኘችህ ከማንም በላይ ትሰማሃለች።

ፋብሪካው የሚቀጥረው ሴት ነበር። ጣታቸው ቀጭን ስለሆነ የተበጠሰ ክር ቶሎ ይቀጥላሉ ተብሎ ይታመናል። ከየአቅጣጫው ሴቶች መጡ፣ ከተማዋም በሴት ተሞላች። ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ ላይ የሚታየው ሻርፕ ብቻ ነው። ወንድ የሚባለው ጥቂት መካኒክ፣ ጥቂት ሾፌር፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛና ጥበቃ ነበር። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል፤ እነዚያ ወንዶች ግን ሳይመራቸው ጠገቡ። የበሩ ጥበቃ እንኳ፣ ግማሽ ጥርሱ የረገፈ ሰውዬ፣ በኪሱ ማበጠሪያ ይዞ ይዞር ነበር። አገባሻለሁ የሚል አይገኝም። የሁሉም ቃል አንድ ነው፤ እናያለን።

አክስቴም «እናያለን» ያላት መካኒክ ነበራት። የወጣትነቷን ዘመን ከሞላ ጎደል እሷ ያመጣችለትን ምሳ በላ፣ እሷ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለበሰ። በኋላ የፈትል ክፍል ልጅ ወሰደ። አክስቴ አልተጣላችም። ምሳ ዕቃውን መልሳ አጠበችና ለራሷ ምሳ መቋጠር ጀመረች። ሰፈሩ ቆማ ቀረች ሲላት፣ እሷ «ቆሜ ነው የምሠራው፣ ምን ይደረግ» እያለች ታስቅ ነበር። እናቴ ግን ይህን ቀልድ በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ከተራራው ወዲያ፣ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ የከሰል ማዕድን ከተማ ነበረች። እዚያ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወንድ ሞልቷል፣ ሴት የለችም። ስለ እነሱ የሚወራው ተረት ይመስላል። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይተኩሳሉ፣ ምግብ ማብሰል ይማራሉ፣ ትዳር የያዘ ሰው ደግሞ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። የሱቋን ሻጭ ሴት ለማየት ብለው ሳሙና የሚገዙ ነበሩ፤ ቤታቸው ሳሙና እንደ ጡብ ተደርድሮ።

ከእነሱ መሃል ሚስት የሚሹት በእሑድ አውቶቡስ ወደ እኛ ይመጣሉ። ተላጭተው፣ ጫማ ወልውለው ይወርዳሉ። የከሰሉ ብናኝ ብቻ በውሃ አይለቅም፤ የዓይናቸው ጠርዝ ላይ እንደ ኩል ይቀራል። የፋብሪካው ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው «ሙሽሮቹ ተኳኩለው መጡ» እያሉ በከንፈር ብቻ ይሳሳቃሉ።

ሳቁ ግን ወደ ትዳር አይዘልቅም ነበር። አብዛኞቹ ማታ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የማዕድኑ ወንዶች ሰው ሲያናግሩ ፊት አያዩም። አንገታቸውን ወደ ጎን ይሰብራሉ፣ ወይ መሬት መሬት ያያሉ። ከንፈር በማየት ለሚኖር ሰው፣ ፊቱን ያዞረ ሰው አፉን እንደ ዘጋ ነው። የአክስቴ የማሽን ጎረቤት፣ ሁልጊዜ ስለምትስቅ ፍልቅልቋ የምትባለው፣ ፍርዱን አስቀድማ ሰጥታ ነበር። ዓይኑን የሚያሸሽ ወንድ ሚስቱን ቤት ጥሎ የመጣ ነው ትላለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ትደመድማለች።

በኋላ አክስቴን የፈለጋት ሰውዬ መጀመሪያ የመጣው ለራሱ አልነበረም። ከማዕድኑ ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ የሚጠብቅ፣ ሃምሳን የተጠጋ፣ ሚስቱ ከሞተች የቆየ ሰው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው ብቻዬን አፍራለሁ ስላለው ለአጃቢነት መጣ። አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት አክስቴና ፍልቅልቋ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ሰው አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ፊቱም ወደ በሩ ዞሯል፤ አክስቴ አልሰማችም። ቃሉን ለመያዝ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ከንፈሩ ላይ አፈጠጠች። ደገመላት፤ በይበልጥ አፈጠጠች። ሰውየው ሻዩን በሱሪው ላይ ደፋ። ከዚያ ወዲያ እስኪሄድ ድረስ ቀና አላለም። ፍልቅልቋም ስም አወጣችለት፤ መሬት ለኪው።

በሚቀጥለው እሑድ ብቻውን መጣ። በሚቀጥለውም። ያመጣው ነገር እንደሌሎቹ ሽቶ አይደለም፤ አንዴ የበር ማጠፊያ አመጣ፣ ምክንያቱም አክስቴ በራችን ይንቋቋል ብላ ነበር። በሩን ሲጠግን ዋለ። ሲያወራም አንገቱን እንደሰበረ ነው፤ አክስቴ ከንፈሩን ለማግኘት በወንበሯ እየተንፏቀቀች ትዞረዋለች። ከውጭ ያያቸው ሰው ድብብቆሽ የሚጫወቱ ይመስለዋል።

እኔ በዚያ ሰሞን ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ እሷ ዘንድ ነበርኩ። ቤቱ የፋብሪካው ነው፤ በረድፍ ከተሠሩት አንዱ ክፍል፣ ከፊት ለፊቱ የጋራ የውሃ ቧንቧ ያለው። ሥራ የለቀቀ ቤት ይለቃል። የምማረው ሥነ ሕይወት ነው። አንድ መምህራችን ሰው በአንዱ አገር እንዲህ፣ በሌላው አገር እንዲያ አድርጎ የትዳር ጓደኛ የሚመርጥበትን ምክንያት ያስተማረን ያን ዓመት ነበር። ተፈጥሯችን አንድ ነው ይል ነበር፤ አንድ ዘር በለምለም መሬትና በጭንጫ ላይ ሲዘሩት መልኩ እንደሚለያይ፣ የሰውም ምርጫ እንደሚኖርበት ቦታ ይለያያል። በሽታ በሚበዛበት አካባቢ ሰዎች ለመልክና ለጤንነት ምልክት የበለጠ ዋጋ ይሰጣሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሴት የራሷን እንጀራ በምታገኝበት ቦታ የወንድን ኪስ መመርመር ይቀንሳል የሚሉም አሉ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን የቁጥሩ ነገር ነው። በአንዳንድ ወፎችና ዓሦች፣ ሴቶቹ ሲበዙ ወንዱ ጎጆውን ጥሎ ይዞራል፤ ሴቶቹ ሲያንሱ ከአንዷ አጠገብ አይነቃነቅም። ሰውም ላይ፣ ሌላ ብዙ ነገር ቢጨመርበትም፣ ተመሳሳይ ዝንባሌ ይታያል ይባላል።

ይህን ስሰማ ያ የመማሪያ ክፍል ጠፍቶ የታየኝ የበሩ ጥበቃና ማበጠሪያው ነው። እና አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ ለአክስቴ ነገርኳት። እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ ከንፈሬን እያየች ሰማችኝ። ልብሱን ማሸት ቀጠለች። ፍልቅልቋ ግን ስትሰማ በደስታ ፈነደቀች። ለካ ወንዶቻችን ባለጌ አይደሉም፣ ብርቅ ሆነው ነው እንጂ ብላ ለአዳራሹ ሁሉ በከንፈር አደረሰችው።

ሰውየው የጋብቻውን ነገር ያነሳው ከዚያ ጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። እዚያ፣ በማዕድኑ ከተማ፣ ግቢ ያለው የራሱ ቤት አለው። ነይና አብረን እንኑር አላት። እኔ ያን ጊዜ በቧንቧው በኩል ድንች እየላጥኩ ነበር፤ እነሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። አክስቴ ፊቷ ቀላ፣ ጉልበቷን አሸች፣ ከዚያ ራሷን የሚጎዳ ነገር ለመናገር መረጠች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር እወቅ» አለችው። «ያን ቀን ሻይ ቤት ያፈጠጥኩብህ ወድጄህ አይደለም። ጆሮዬ አይሰማም። የማንንም ከንፈር እንደዚያ ነው የማየው፤ የሥጋ ሻጩንም።»

ሰውየው መሬቱን አየ።

«የሥጋ ሻጩንም» አለ።

«የሥጋ ሻጩንም።»

«እኔ እኮ በዕድሜዬ ሴት እንደዚያ አይታኝ ስለማታውቅ ነው የተመለስኩት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርህ።»

ያን ጊዜ እኔ ድንቹን ትቼ ነበር። ይነሳና ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እሷ ያልጠየቀችውን ይናገር ጀመር። ጉድጓድ ውስጥ መብራቱ ግንባር ላይ ነው የሚታሠረው። ሰው ፊት ቀጥ ብለህ ካየህ ዓይኑን ታጠፋበታለህ፤ በዚያ ጨለማ ደግሞ ለአፍታ ዓይኑ የጠፋበት ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን አያውቅም። ስለዚህ ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው፣ ሲያናግሩም ሲያዳምጡም አንገትን ማዞር ነው። ፊት ለፊት የሚያይ ባለጌ ነው፣ ወይም ጠብ ፈላጊ። «ሚስቴን እንኳ» አለ፣ «ነፍሷን ይማርና፣ ዓይኗ ምን ዓይነት እንደነበር ብትጠይቂኝ አላውቅም።»

አክስቴ ግማሹን አልሰማችም፤ አንገቱን አዙሮ ነበራ። እኔ መሃል ገብቼ ደገምኩላት። ሲገባት አልሳቀችም። ፍልቅልቋን አሰበች መሰለኝ፤ ያን ሁሉ እሑድ ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን ሰዎች፣ እኛ ከተማ ውስጥ ቆመው የቀሩትን ሴቶች።

«ታዲያ አሁን ትወጂኛለሽ?» አላት።

«ያን ቀን አልወደድኩህም። የበር ማጠፊያ ይዘህ ስትመጣ ነው።»

እንዲህ ከተባባሉ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። አክስቴ መልስ በሚቀጥለው እሑድ እሰጥሃለሁ ብላ ሰደደችው፣ ያን ሳምንትም እንቅልፍ አጣች። ፍልቅልቋ አሁን መካሪ ሆናለች። ዓይኑን የሚያሸሸው በመብራቱ ከሆነ ሂጂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ ትላታለች። እዚያ ሴት የለም፤ አንቺ ንግሥት ነሽ፤ ወደማን ይሄዳል? ሥራም አለው፣ ቤትም አለው። እናቴም ከሩቅ ሆና ይህንኑ ላከችባት።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ገብታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ተቀምጣ፣ ጠራችኝ።

«እስኪ ያን ትምህርትሽን ድገሚልኝ» አለች። «ሴት ሲያንስ ወንዱ ይረጋል ነው ያልሽው?»

«ብዙውን ጊዜ።»

«እንግዲያው እዚያ ብሄድ አይለቀኝም።»

«ይመስለኛል እትዬ።»

«እዚህ ቢመጣስ?»

ምን እንደምትል ገባኝ። የፋብሪካው ማሞቂያ ክፍል ውሃና ፓምፕ የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልግ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

«ትምህርቱ ስለ ብዙ ሰው ነው» አልኳት። «ከሺህ ወንድ ይህን ያህሉ እንዲህ ያዘነብላል ይላል። ስለ አንዱ ሰው አይናገርም።»

«እኔ የማገባው አንዱን ነው» አለች፣ እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንዲሁ። ከዚያ ውሃውን በእግሯ ጣት እያማሰለች ቆይታ እንዲህ አለች፦ «እዚያ ሄጄ ቢረጋልኝ፣ እሱ ነው የረጋው ወይስ ሌላ ስላጣ? በየቀኑ ስነሳ ይህን ላስብ ነው? አልችልም።»

እዚህ ቢመጣና ቢሸፍትብሽስ አልኳት።

«ያው የመካኒኩን ያህል ያመኛል። ያን ሕመም አውቀዋለሁ፣ አልገደለኝም። ማሽኔም ቤቴም ይኖረኛል።»

ዛሬ ያንን ትምህርት ራሴ አስተምራለሁ። የምኖርበት ከተማ ሴትና ወንዱ እኩል ለእኩል የሆነበት ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያገባው አጣሁ እያለ ያማርራል፣ እኔም ጭምር። ሰሌዳው ላይ የዝንባሌውን መስመር ሳሰምር፣ የእያንዳንዱ ሰው ነጥቦች ከመስመሩ ግራና ቀኝ ተበታትነው ይታያሉ። መስመሩ ልክ ነው። እኔ ግን የማየው ያቺን የውሃ ሳፋ ነው። አክስቴ መስመሩን አልናቀችም፤ አምናው ነበር። አምናው ሳለች ነው ከእሷ ጋር በማይወግንበት በኩል ለመቆም የመረጠችው።

እሑድ መጣና ነገረችው። እኔ አልመጣም፣ አንተ ና። ምክንያቷንም አልደበቀችውም። ሰውየው ቅር አለው። ግቢ ያለውን ቤት ትቼ አንድ ክፍል ልገባ ነው ወይ አለ፤ በዚያ ላይ አታምኚኝም ማለት ነው አላት። ላምንህ ስለምፈልግ ነው አለችው። አውቶቡሱ ሳይሞላ ቀድሞ ገብቶ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ባለውም። አክስቴ እሑድ እሑድ ሻይ ቤት መሄዷን አልተወችም፤ ፍልቅልቋ እንኳ መቀለድ አቁማ ነበር። አንዴ አውቶቡሱ መጥቶ ሁሉም ከወረደ በኋላ፣ ሾፌሩ በሩን እስኪዘጋ ድረስ በሩን ስታይ አየኋት። ከዚያ ሻይዋን ጨረሰች።

የዕረፍት ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል፣ እሑድ ያልሆነ ቀን፣ ገበያ አብረን ልንሄድ ፋብሪካው በር ላይ እየጠበቅኳት ነበር። የከሰል መኪና መጥቶ ቆመ። ሰውየው ከጋቢናው ወረደ፤ በሁለት እጀታ የሚያዝ ትልቅ ሻንጣና በጨርቅ የተጠቀለለ የመሣሪያ ሣጥን ይዟል። ሰላም ለማለት ስራመድ የፈረቃው ደወል ተደወለ።

በሩ ተከፈተና ሴቶቹ ወጡ። ከእሑድ ውጭ መጥቶ ስለማያውቅ ይህን አይቶት አያውቅም። እንደ ጎርፍ ነው የሚወጡት፤ ወጣት፣ ጎልማሳ፣ ሻርፕ የለበሰች፣ ፀጉሯን የፈታች፣ የምትስቅ፣ የደከማት፣ ቆንጆ፣ ደግሞ ቆንጆ። ግራና ቀኙን ሞልተው እያለፉት፣ ሰውየው ሻንጣው እግሩ ሥር ወድቆ፣ አፉን ከፍቶ ቆመ። ጎረምሳ እንኳ እንደዚያ አያይም። አንዷ ምን የመሰለች ልጅ ስታልፍ አንገቱ አብሯት ዞረ።

አክስቴ ከጥበቃው ቤት አጠገብ ቆማለች። እሱ ሳያያት አይታዋለች። ልትጠራው ትችል ነበር። እኔ ልሄድና ልነካው ፈለግኩ። እሷ ግን ከሩቅ በእጇ ተይው አለችኝ። እዚያው ቆማ እንዲያይ ተወችው፣ ሰልፉ እስኪሳሳ ድረስ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ስም ላወጣለት አልችልም፤ ፍርሃት ነበረበት፣ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ሄደችና ፊቱ ቆመች።

«ብዙ ናቸው» አለ፣ እንደ ተያዘ ልጅ።

«ብዙ ነን» አለች። ጎንበስ ብላ የሻንጣውን አንድ እጀታ ያዘች።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እሱ ጡረታ ወጥቶ በዚያችው አንዲት ክፍል ውስጥ እንደ ፓምፕ እያንኮራፋ ሲተኛ፣ አክስቴን በቀስታ ጠየቅኳት። ውጤቱ ምን ሆነ ለማለት ነው። የጠየቅኩት እንደ አስተማሪ ይሁን እንደ እህት ልጅ እኔም አላውቅም።

ወደ አልጋው አየች። ድምፅ ሳታወጣ፣ በፋብሪካው ዘይቤ፣ በከንፈሯ ብቻ ነገረችኝ። አንድ ሰሞን ልቡ ሸፍቶ ነበር። ከማሞቂያው ክፍል ወጥቶ ረጅሙን መንገድ ዞሮ ይመጣ ነበር፣ በፈትል ክፍሉ በር በኩል። ምንም አላልኩትም። ቆይቶ በአጭሩ መንገድ መምጣት ጀመረ።

«አልተናደድሽም?» አልኳት፣ እኔም በከንፈር።

ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔም አንድ ሰሞን ሸፍቼ ነበር አለች፤ ዳቦ ቤቱ አዲስ ሰው ቀጥሮ በነበረ ጊዜ። እሱ በየቀኑ ትኩስ ዳቦ ሲበላ ከረመ፣ አልጠረጠረም።

ሰውየው በእንቅልፉ ተገላበጠ። አክስቴ ተነስታ የተገለጠውን እግሩን አለበሰችና፣ እንደተኛ ፊቱን ለአፍታ ቆማ አየችው።